ትንሽ ክፍል፣ አጭር ሐዲድ፣ ዝግ ያለ ባቡር

ሞዴል ባቡር ለመሥራት ያሰበ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው ያው ነው፤ «እዚህ ክፍል ውስጥ ስንት ሐዲድ ይገባል?» ብዙ ይገባል። ግድግዳውን መሙላት ይቻላል፣ ፎቅ በፎቅ መደርደርም ይቻላል። ግን ያ ሁሉ ከገባ በኋላ እናንተ የት ልትቆሙ ነው? እጃችሁ እስከ የት ይደርሳል? በሩስ ይከፈታል? ለትንሽ ክፍል ፕላን የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ መለካት ያለበት ራሱን ነው። ሐዲዱ ይደርሳል።

የኔ ክፍል 3 ሜትር በ2.4 ሜትር ነው። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ የምሠራበት ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ከክፍሉ አይወጣም፣ ክርክር የለውም። ስለዚህ ባቡሩ ከጠረጴዛው በላይ መኖር አለበት። ይሄ እንደ ችግር ሊታይ ይችላል፤ ለኔ ግን የፕላኑን ግማሽ የሠራልኝ እሱ ነው። ከፍታው ተወሰነ፣ ከፍታው ሲወሰን ስፋቱም አብሮ ተወሰነ። ሐዲዱ ከፍ ባለ ቁጥር እጅ ያጥራል። ወገብ ላይ በሚደርስ ጠረጴዛ ጎንበስ ብሎ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል መዘርጋት ይቻላል። ደረት ላይ በሚደርስ መደርደሪያ ግን ከ40 እና ከ45 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሄዳችሁ ክርናችሁ ከፊት ያለውን ዛፍና ምሰሶ ሁሉ ጠርጎት ነው የሚያልፈው። ባቡር ደግሞ ከሐዲድ መውጣት ሲያምረው የሚመርጠው እጅ የማይደርስበትን ጥግ ነው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከአንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ነው፤ 1.22 በ2.44 ሜትር። ይሄ ልክ የተመረጠው ለባቡር ስለሚመች አይደለም፣ እንጨቱ ተቆርጦ የሚመጣው በዚያ ልክ ስለሆነ ነው። እስቲ ወደኔ ክፍል እናስገባው። በርዝመቱ 56 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፣ በወርዱ 1.18 ሜትር። ግድግዳ ካስጠጋሁት የወዲያኛው ጠርዝ ላይ አልደርስም። መሃል ካደረግኩት ግራና ቀኙ 59፣ 59 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ ሰው ወፍራም ጃኬት ካደረገ ጣጣ ነው። ወንበርና ጠረጴዛማ አይታሰብም። ይሄን ሁሉ ከፍዬ የማገኘው የሐዲድ ዙር ደግሞ 5.5 ሜትር ቢሆን ነው።

አሁን ያንኑ ክፍል 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መደርደሪያ በግድግዳው ዙሪያ እንየው። ሐዲዱ ከግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይሄዳል፣ አራቱ ማዕዘኖች ላይ በ50 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ይታጠፋል። ዙሩ 8.3 ሜትር ገደማ ይመጣል። መሃሉ ባዶ ነው፣ 2.2 በ1.6 ሜትር፤ እዚያ እኔ አለሁ፣ ወንበሬም አለ። ሌላም ጥቅም አለው፣ ሰዎች እምብዛም የማያነሱት። ኩርባን ከውስጥ ሆናችሁ ስታዩት ከእውነቱ የሰፋ ይመስላል፤ ከውጭ ስታዩት ግን ፉርጎዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ተበርግዶ፣ ጫፎቻቸው ወደ ውጭ ተገፍተው፣ የኩርባው ጥበት ራቁቱን ይወጣል። ጠረጴዛ ላይ ያለ ባቡር ሁልጊዜ የሚታየው ከውጭ ነው። በግድግዳ ዙሪያ ያለው ከውስጥ።

ቀጥሎ የመጠን ምርጫ ይመጣል፣ እዚህ ላይ ሰው ብዙ ይጨነቃል። ኤችኦ የሚባለው 1 ለ87 ነው፣ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው፣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር። የዓለም መደበኛ የሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለ87 ብታካፍሉት እዚያው ትደርሳላችሁ። ኤን ደግሞ 1 ለ160 ነው፣ 9 ሚሊ ሜትር። አንድ የኤችኦ ፕላን ወደ ኤን ቢቀየር ከቦታው 30 በመቶ ያህል ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ «ክፍልህ ትንሽ ከሆነ ኤን ውሰድ» ይባላል። ልክ ነው ግን ግማሽ ልክ ነው። እኔ የምመዝነው በሌላ ነገር ነው፤ በኩርባው።

አንድ ጥሩ ደንብ አለ። ኩርባችሁ ከረጅሙ ፉርጎ ርዝመት ቢያንስ 3 እጥፍ ሬዲየስ ይኑረው። ከዚያ ጠበብ ቢልም ይዞራል፣ ለምሳሌ ማርክሊን ለኤችኦ የሚያመርተው አንደኛው ጠባብ ኩርባ ሬዲየሱ 36 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ትልልቅ የመንገደኛ ሠረገሎችም ይዞሩበታል። መዞርና መዞር ግን ይለያያል፣ አይታችሁት ካልሣቃችሁ። ዘመናዊው የአውሮፓ የመንገደኛ ሠረገላ 26.4 ሜትር ይረዝማል። በኤችኦ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ 3 እጥፉ 90። 90 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ እኔ ክፍል ውስጥ ካስገባሁ ክፍሉ ኩርባ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በኤን ያው ሠረገላ 16.5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ 3 እጥፉ 50። ልክ የኔን ማዕዘን።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ነው፤ ወይ ኤን ከረጅም ሠረገሎች ጋር፣ ወይ ኤችኦ ከአጫጭር ፉርጎዎች ጋር። ሰፊ ሜዳ ላይ የሚሄድ ረጅም ባቡር ማየት የሚያስደስተው ሰው ኤን ይውሰድ፣ አያመንታ። እኔ የጭነት ፉርጎ እወዳለሁ፣ ባለ ሁለት ዘንግ፣ አጭር፣ 12 እና 13 ሴንቲ ሜትር የሚሆን። ከነሱ ጋር ትንሽዬ ናፍጣ ሎኮሞቲቭ። እነሱ 50 ሴንቲ ሜትር ኩርባ ላይ ምንም አይመስላቸውም። ደግሞ ከበድ ያለ ነገር በእጄ መያዝ፣ ማያያዣውን ማየት፣ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያለ መነጽር ማንበብ ደስ ይለኛል። በዚህ ላይ ቀላል ባቡር ከቆሻሻ ሐዲድ ጋር አይስማማም፤ ክብደት ሲኖረው ኤሌክትሪኩን በደንብ ይይዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ትንሽ ክፍል የሚያጥረው ስፋት አይደለም፤ ርቀት ነው። 8.3 ሜትር በ87 አባዙት። 720 ሜትር ገደማ። ባቡሬ ክፍሉን በሙሉ ዞሮ ሲመለስ በእውነተኛው ዓለም አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም። 3 ሜትሩ ግድግዳ 261 ሜትር ነው። 500 ሜትር የሚረዝም ተራ የጭነት ባቡር በኤችኦ 5.75 ሜትር ስለሚሆን ጭራው ሳይንቀሳቀስ ጭንቅላቱ ሁለት ግድግዳ ጨርሶ ይጠብቀዋል። ይሄ የትንሽ ክፍል ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሃምቡርግ ያለው ግዙፍ የሞዴል ባቡር ትርኢት፣ ሚኒያቱር ቩንደርላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የተከፈተው፣ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ አለው፤ በእውነተኛ ርቀት ቢሰላ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ውስጥ ግን ስዊዘርላንድም ስካንዲኔቪያም አሜሪካም ተጨምቀው ነው ያሉት። ርቀት ማንም ጋ አይበቃም።

ስለዚህ ወረቀት ላይ ሁለት ከተማ ስታስቀምጡ፣ አንዱን በዚህ ግድግዳ፣ አንዱን በዚያ፣ መካከላቸው 260 ሜትር ነው ያለው። ሰው ከአንደኛው ጣቢያ ወደ ሁለተኛው በእግሩ ሄዶ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይደርሳል። እኔ አንዱን ሰረዝኩት። አንድ ጣቢያ ብቻ፣ እሱም ዋናው አይደለም፤ የመስመሩ ጫፍ አካባቢ ያለ የጭነት ጣቢያ፣ አንድ መጋዘን፣ አንድ የመጫኛ መድረክ፣ አንድ የነዳጅ ማራገፊያ። ሌላው ዓለም ከግድግዳው ወዲያ ነው።

ርቀቱን ማስረዘም አይቻልም። ጊዜውን ግን ይቻላል። እስቲ አስሉት፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በኤችኦ በሰከንድ 32 ሴንቲ ሜትር ነው የሚጓዘው። ረጅሙን ግድግዳዬን በ9 ሰከንድ ከምናምን ይጨርሰዋል። ዓይን ሳይጠግብ አለቀ። በሰዓት 40 ከሆነ 23 ሰከንድ። ጣቢያ ግቢ ውስጥ ፉርጎ የሚያመላልስ ሎኮሞቲቭ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ያው ግድግዳ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። አንድ ደቂቃ ተኩል! ክፍሉ ያው ነው፣ መደርደሪያው ያው ነው፣ ግን ቦታው አሥር እጥፍ ያህል ሰፋ። አብዛኛው ሰው ሞዴል ባቡር የሚነዳበት ፍጥነት ከእውነተኛው ጋር ቢነጻጸር ለፈጣን ባቡር እንኳ የሚከብድ ነው፤ ከዚያ «ክፍሌ ጠበበኝ» ይላል።

ይሄ ነገር ፕላኑንም ይለውጠዋል። ዝግ ብሎ የሚሄድ ባቡር ምክንያት ይፈልጋል። ዝም ብሎ በሰዓት 10 እየሄደ ክፍሉን ቢዞር ያንገፈግፋል። ሥራ ሲኖረው ግን፣ ይሄን ፉርጎ እዚያ ማድረስ፣ ያንን ባዶውን ማውጣት፣ መንገድ የዘጋውን ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ፣ ያን ጊዜ ዝግ ማለቱ ራሱ ጨዋታ ይሆናል። ይሄን ከሁሉ አሳጥሮ ያሳየው እንግሊዛዊው አለን ራይት ያወጣው ኢንግልኑክ የሚባለው አሠራር ነው። ሁለት መገንጠያ (አንዱ ሐዲድ ለሁለት የሚከፈልበት)፣ ሦስት የጎን ሐዲድ፤ አንዱ 5 ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት። ሎኮሞቲቩ ወደኋላ የሚወጣበት ሐዲድ ደግሞ ራሱንና 3 ፉርጎ ብቻ ነው የሚችለው። ያላችሁ 8 ፉርጎ ነው። ከ8ቱ 5ቱን በዕጣ በወጣው ቅደም ተከተል ረጅሙ ሐዲድ ላይ ደርድሩ፤ ጨዋታው ይሄው ነው። ሊወጡ የሚችሉት ቅደም ተከተሎች 6,720 ናቸው። በኔ ፉርጎዎች ልክ ቦታው 1.4 ሜትር ገደማ ርዝመትና አንድ ክንድ የማይሞላ ስፋት ነው።

የሚደንቀው ነገር እጥረቱ ነው ጨዋታውን የሚሠራው። ያንን የመውጫ ሐዲድ በሁለት ፉርጎ ብታረዝሙት ይቀላል፣ ይሰለቻል። አሜሪካዊው ጆን አለንም እ.ኤ.አ. በ1972 ታይምሴቨር የሚባል ሌላ ዓይነት አውጥቶ ነበር፣ አምስት መገንጠያ ያለው፣ ከሰዓት ጋር የሚፎካከሩበት። እውነቱን ለመናገር እሱን አልወደውም። እንቆቅልሽነቱ ከባቡርነቱ ይበዛል፤ ማንም የባቡር መሐንዲስ ሆን ብሎ ግቢውን እንዲያ አያወሳስብም። ኢንግልኑክ ግን ዛፍና መጋዘን ከለበሰ ማንም ሳያውቅበት እውነተኛ ጣቢያ ይመስላል።

እኔም ረጅሙ ግድግዳ ላይ ያስቀመጥኩት እሱን ነው፣ ከዋናው መስመር ጋር አያይዤ። ለእያንዳንዱ ፉርጎ የት እንደሚሄድ የሚናገር ትንሽ ካርድ ይኖረዋል። ካርዱ ሲገለበጥ ሌላ መድረሻ። ይሄ የቆየ ዘዴ ነው፣ ብቻውን ለሚጫወት ሰውም ጥሩ ነው፤ ውሳኔውን ከእናንተ ወስዶ ሥራውን ብቻ ይተውላችኋል።

ከግድግዳው ወዲያ ያልኩት ዓለምስ? እሱም ቦታ ይፈልጋል። ባቡር ከየት መጣ፣ ወዴት ሄደ ለሚለው መልስ የሚሆን ስውር ማቆሚያ ያስፈልጋል። የተለመደው መንገድ ሐዲዱን ወደ ሦስት አራት መበተን ነው። ግን መገንጠያ ቦታ ይበላል። ፔኮ የሚባለው የሞዴል ሐዲድ ፋብሪካ መካከለኛው መገንጠያ 21.9 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ትንሹ እንኳ 18.5። አራት ሐዲድ ለማግኘት ሦስት መገንጠያ በተከታታይ ስታስቀምጡ አንድ ፉርጎ ሳይቆም 60 ሴንቲ ሜትር ሄደ። 2.4 ሜትር በሆነ ግድግዳ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ የመረጥኩት ተንቀሳቃሽ ሳጥን ነው፤ ውስጡ አንድ ሐዲድ ያለው፣ 90 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ሁለት ጫፉ የሚዘጋ። ባቡሩ ይገባበታል፣ ሳጥኑን አንስቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ሌላውን አመጣለሁ። ዞር አድርጌ ከመለስኩት ደግሞ ባቡሩ ፊቱን አዞረ ማለት ነው። መገንጠያ የለ፣ ማዞሪያ የለ። አንዳንዱ ሰው «ባቡር በእጅ ማንሳት ውሸት ነው» ይላል። እንዴ፣ ተራራው ፎም አይደለም እንዴ?

በሩን ሳልረሳ። በሩ ወደ ውስጥ ስለሚከፈት መጀመሪያ ያሰብኩት ማጠፊያውን ገልብጦ ወደ ውጭ እንዲከፈት ማድረግ ነው። ከተቻለ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፣ አንድ የእንጨት ባለሙያ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። በበሩ ፊት የሚያልፈው ሐዲድ ግን ምንም ቢሆን የሚነሳ ድልድይ መሆን አለበት። ጎንበስ ብሎ ማለፍ ወጣት ሳሉ ይቻላል፤ ሐዲዱ ግን ከወገባችሁ በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ድልድዩ ሲነሳ ከሁለቱም ወገን ቢያንስ አንድ ሎኮሞቲቭ የሚያስቆም ርዝመት ያህል ኤሌክትሪክ እንዲቋረጥ አድርጉ። ሽቦውን በድልድዩ በራሱ በኩል ካሳለፋችሁት ድልድዩ ሲነሳ በራሱ ጊዜ ይቋረጣል። ይሄን የዘለለ ሰው ባቡሩን ከወለል ላይ ይለቅማል።

ዙሩ የግድ አያስፈልግም ብዬም አስቤያለሁ። ሥራው ከስውሩ ማቆሚያ እስከ ጣቢያው ነው፣ ያለ ድልድዩም ይሠራል። ግን አንዳንድ ቀን ሰው መሥራት አያምረውም፤ ወንበር ላይ ተደግፎ ባቡር ሲዞር ማየት ብቻ ነው የሚፈልገው። ለዚያ ቀን ድልድዩ ይኑር።

ዳገት ግን የለም። ይሄን በደንብ ላስረዳ ምክንያቱም ፈተናው ከባድ ነው፤ አንዱ ሐዲድ በሌላው ላይ ሲያልፍ የማይወድ ማን አለ። በኤችኦ አንዱ ከሌላው በላይ ለማለፍ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል መውጣት አለበት። ደህና የሚባለው ዳገት 2 በመቶ ነው፣ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር። ስለዚህ ለመውጣት 4 ሜትር፣ ለመውረድ ሌላ 4 ሜትር። ክፍሌ አለቀ! ጣቢያ የሚቀመጥበት ሜዳ መሬት አንድ ክንድ አልቀረም። ኩርባ ላይ ደግሞ ዳገቱ የበለጠ ይከብዳል። ይልቅ መሬቱን ዝቅ ማድረግ ነው። ሐዲዱ ሜዳ ሆኖ ይሂድ፣ ከሥሩ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ይንጠፍ፣ ወንዝ የሚፈለግበት ቦታ ላይ ፎሙን መቦርቦር። ድልድይም ተገኘ፣ ገደልም ተገኘ፣ ባቡሩ አንድ ሚሊ ሜትር አልወጣም።

ስለ አሣሣሉ አንድ ነገር ብቻ። በእርሳስ የተሳለ ፕላን ይዋሻል፣ በተለይ መገንጠያ ላይ። እጃችን ሳናስበው አሳጥሮ ይስለዋል፣ አንግሉንም ያሰፋዋል፣ ወረቀት ላይ ስምንት መገንጠያ የገባበት ቦታ ላይ አምስቱ ብቻ ይገባሉ። ስካርምና ኤኒሬይል የሚባሉት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የብዙ ፋብሪካዎችን ሐዲድ በትክክለኛ ልኩ ስለያዙ እዚያ ላይ አይዋሹም። ሌላ ውሸት ግን አላቸው፤ ሁሉን ነገር ከላይ ያሳያሉ። እኔ ባቡሬን ከጣሪያ ተሰቅዬ አይደለም የማየው። ስለዚህ መገንጠያዎቹን በ1 ለ1 ልክ አትሜ መደርደሪያው ላይ በፕላስተር አጣበቅኩ፣ ለመጋዘኑ ባዶ ካርቶን አቆምኩ፣ ፉርጎዎቹን ደረደርኩ፣ ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አየሁ። መጋዘኑ ከፊት ሲሆን ግማሹን ጣቢያ ይሸፍናል። ስክሪን ላይ ይሄ አይታይም ነበር። አሁን መጋዘኑ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ፊቱ ብቻ ያለው ሕንፃ። ኋላውን ማን ያየዋል?

ኤሌክትሪኩ ላይ ብዙ አልቆይም። በዲጂታል ዘዴ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የራሱ አድራሻ አለው፣ አንዱ ሐዲድ ላይ ሁለት ሎኮሞቲቭ ለየብቻ መንዳት ይቻላል። ጥሩ ነው። ግን አንድ ሰው፣ አንድ ትንሽ ጣቢያ፣ አንድ የሚሠራ ሎኮሞቲቭ ካለ ተራው 12 ቮልት ይበቃል፤ ሌላ ሎኮሞቲቭ የሚቆምበትን ሐዲድ ብቻ በማብሪያ ማጥፊያ መለየት ነው። ገንዘቡን ዝግ ብሎ መሄድ የሚችል ጥሩ ሎኮሞቲቭ ላይ ማዋል ይሻላል፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነው። ሽቦው ግን አይሰሰትበት። ለእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ የራሱ ሁለት ሽቦ ይበየድለት፤ ሐዲዶቹን የሚያገናኙት ትንንሽ ብረቶች በጊዜ ብዛት ይላላሉ፣ ኤሌክትሪክ በነሱ በኩል ብቻ ካለፈ አንድ ቀን ባቡሩ ያለ ምክንያት ይቆማል።

የምሠራው ከኢንግልኑኩ ጀምሬ ነው። 1.5 ሜትር የሆነች አንዲት ሰሌዳ፣ ብቻዋን የምትሠራ፣ ከግድግዳው ተነቅላ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ። ሁለቱ ጫፎቿ ላይ ሐዲዱ ከጠርዙ ጋር ልክ በ90 ዲግሪ እንዲወጣ ተደርጓል፣ ሌላ ሰሌዳ ሲመጣ ሁለት ብሎን ብቻ እንዲበቃ፤ መጋጠሚያው ላይ መገንጠያም ኩርባም አይኑር። ማዕዘኖቹ ይከተላሉ፣ ከዚያ የሳጥኑ ቦታ፣ ድልድዩ መጨረሻ። የመስኮቱ ጎን እስካሁን ምን እንደሚሆን አልወሰንኩም። ፀሐይ በቀጥታ ስለሚመታው ሐዲዱ ይለጠጣል፤ እዚያ ላይ ሐዲዶቹ መካከል ክፍተት ትቼ ቀጥ ያለ ሐዲድ ብቻ አሳልፋለሁ፣ ምናልባት ጥቂት ሣርና አንድ የስልክ እንጨት።